ጠቡ ከቤት፣ ውሰቱ ከጎረቤት

ዲክ ሮው በለንደኑ የዴካ ሸክላ ኩባንያ አዳዲስ ሙዚቀኞችን የሚመለምለው ክፍል ኃላፊ ነበሩ። በ1962 የመጀመሪያዋ ዕለት (እዚህ ያለው ዓመተ ምሕረት ሁሉ የፈረንጅ ነው፤ ጠቡም የእነሱ ነው) ከሊቨርፑል ተነሥተው ከበረዶ ጋር ሲታገሉ ያመሹ አራት ልጆች በኩባንያው ስቱዲዮ ለፈተና ቀርበው 15 ዘፈን ተጫወቱ። አልተፈለጉም። ጊታር አንግቶ የሚዘፍን ቡድን ዘመኑ እያለፈበት ነው ተብለን ተመለስን ሲል ማናጀራቸው ብራያን ኤፕስታይን በመጽሐፉ ጽፏል፤ ሮው ደግሞ ይህ ቃል ከአፌ አልወጣም እንዳሉ ኖሩ። ዴካ በምትካቸው ያስፈረመው ብራያን ፑል እና ትሬሜሎስ የተባለውን ባንድ ነው። እነዚህኞቹ የለንደን ዳርቻ ልጆች ስለነበሩ በተጠሩ ቁጥር እንግሊዝን ማቋረጥ አያስፈልጋቸውም ነበር። በሙዚቃ ንግድ ታሪክ እንዲህ ብዙ ያስከፈለ የትራንስፖርት ቁጠባ መኖሩ ያጠራጥራል።

በዓመቱ ሮው ሊቨርፑል ውስጥ በተካሄደ የባንዶች ውድድር ላይ ዳኛ ሆነው ተጋበዙ። ከጎናቸው የተቀመጠው ዳኛ ጆርጅ ሃሪሰን ነበር፣ ካሰናበቷቸው ከአራቱ አንዱ። ያን ጊዜ ቢትልስ የአገሩ ሁሉ መነጋገሪያ ሆነዋል፤ ሃሪሰን ፊቱን አዙሮ ቢቀመጥ ማንም አይፈርድበትም። እሱ ግን ለንደን አጠገብ ሪችመንድ ውስጥ ሮሊንግ ስቶንስ የሚባሉ ልጆች አሉ፣ ሄደው ቢያዩዋቸው ይሻላል አላቸው። ሮው የዳኝነቱን ወንበር ትተው ወደ ደቡብ ገሰገሱ፤ ብዙም ሳይቆዩ አስፈረሟቸው። የቢትልስን ዋና ተቀናቃኝ ሥራ ያስያዘው እንግዲህ ቢትልስ ነው።

ጋዜጣውና የአድናቂው ወሬ ግን በሁለቱ መካከል ድንበር አስምሮ ነበር፤ ወዲህ ጸጉራቸውን ያበጠሩ፣ ሙሉ ልብስ የለበሱ ጨዋዎች፣ ወዲያ ገላቸውን ያልታጠቡ ጋጠወጦች። ይህን እሳት ሲያራግብ የኖረው የስቶንስ ማናጀር አንድሪው ሉግ ኦልድሃም ራሱ ትንሽ ቀደም ብሎ ለኤፕስታይን ተቀጥሮ የቢትልስን ወሬ ለጋዜጦች ሲያቀብል የነበረ ወጣት ነው። ደግሞስ ጨዋ የተባሉት ልጆች ሙያቸውን የተማሩት በሃምቡርግ የሌሊት ጭፈራ ቤቶች ነው፤ ጋጠወጥ የተባለው ሚክ ጃገር ደግሞ በለንደን የኢኮኖሚክስ ኮሌጅ ተማሪ ነበር።

በመስከረም 1963 ኦልድሃም ጆን ሌነንን እና ፖል ማካርትኒን ለንደን መንገድ ላይ አገኛቸውና ልጆቼ የሚቀርጹት ዘፈን ቸግሯቸዋል አለ። ሁለቱ ተከትለውት ስቶንስ ወደሚለማመዱበት ክበብ ሄዱ፤ የጀመርነው አንድ አለ ብለው ጥግ ይዘው እዚያው ጨረሱት። «አይ ዋና ቢ ዩር ማን» ስቶንስን በእንግሊዝ የሽያጭ ሰንጠረዥ 12ኛ ላይ አደረሳቸው። ሌነን ከብዙ ዓመት በኋላ መቼስ ምርጡን አንሰጣቸውም ነበር የሚል ቀልድ ጣል አድርጓል፤ ቢትልስ ያንኑ ዘፈን ራሳቸው ሲቀርጹት ለድራመራቸው ለሪንጎ ስታር ነው የሰጡት፤ ከዚህ በላይ ምስክር አያስፈልግም። ጃገር እና ኪት ሪቻርድስ ግን አንድ ትልቅ ነገር አተረፉ። ዘፈን ከሰማይ እንደማይወርድ፣ ሁለት ሰው ጥግ ይዞ በደቂቃዎች የሚሠራው ነገር እንደሆነ በዓይናቸው አይተው የራሳቸውን መጻፍ ጀመሩ።

ከዚያ በኋላማ ነገሩ ሽርክና መሰለ። አዲስ ሸክላቸው በአንድ ሳምንት ገበያ ላይ እንዳይላተም ሁለቱ ባንዶች ይነጋገሩ ነበር። በ1967 ጃገር እና ሪቻርድስ በአደንዛዥ ዕፅ ተከሰው ፍርድ ቤት በተመላለሱበት ሰሞን ስቶንስ ለቀረጹት «ዊ ላቭ ዩ» ሌነን እና ማካርትኒ ስቱዲዮ ገብተው ከኋላ ተቀበሉላቸው። የስቶንሱ ብራያን ጆንስ በፈንታው ለአንድ የቢትልስ ዘፈን ሳክስፎን ነፋ። ጠላት ይህን ካደረገ ወዳጅ ምን ሊጨምር ነው? እርግጥ ነው፣ ሌነን በ1970 መጨረሻ በሰጠው ረጅም ቃለ ምልልስ ስቶንስ እኛን እየተከተሉ ይቀዳሉ ብሎ አማርሯል። ያን ሰሞን ግን ሌነን ያላማረረው ሰው አልነበረም፤ አብዝቶ ያማረረው ደግሞ ማካርትኒን ነው።

የእንግሊዝ ሮክ ነገር እንዲህ ነው። ደም የሚያፋስሰው ጠብ የሚነሣው ከአንድ ባንድ ሰዎች መካከል ነው። ከሌላው ባንድ ጋር ሲሆን ድራመር ይዋዋሳሉ፣ ጊታር ይሰጣጣሉ፣ ስቱዲዮ ይከራያሉ፣ ሠርግ ይጠራራሉ።

ኪንክስን መመልከት ነው። ሬይ እና ዴቭ ዴቪስ የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ ይህ ብቻውን ለጠብ ይበቃል። በግንቦት 1965 ካርዲፍ ከተማ መድረክ ላይ ግን የተፋጠጡት ዴቭ እና ድራመሩ ሚክ ኤቮሪ ነበሩ። ዴቭ ስለ ኤቮሪ አመታት የሚያስቆጣ ቃል ተናገረና ከበሮውን በእርግጫ ብሎ ገለበጠው። ኤቮሪም የሲምባሉን ብረት አንሥቶ ጭንቅላቱን አለው። ዴቭ ሕዝብ እያየ ተዘርሮ በደም ተነከረ፤ ሐኪም ቤት 16 ስፌት ተሰፋ። ኤቮሪ የገደለው ስለመሰለው እግሬ አውጪኝ አለ። ፖሊስ ደርሶበት ሲጠይቀው የሰጠው መልስ ለታሪክ ተቀምጧል፤ አዲስ የመድረክ ትርኢት ነው አለ። ዴቭም አልከሰሰውም። ለመሆኑ ሰውየው ከዚህ በኋላ በባንዱ ውስጥ ስንት ጊዜ ቆየ? እስከ 1984። ራሱን ከፈነከተው ሰው ጋር 19 ዓመት አብሮ መሥራት የሚችል ቤተሰብ ብቻ ነው።

በዚያው በ1965 የዘ ሁ ድምፃዊ ሮጀር ዳልትሪ ዴንማርክ ውስጥ የድራመሩን የኪት ሙንን ክኒን ሽንት ቤት ደፋ፤ ሙን ሲቃወም መታው። ራሱ ከመሠረተው ባንድ ተባረረና ከቀናት በኋላ ሁለተኛ እጄን አላነሣም ብሎ ተመለሰ።

የክሪም ታሪክ ደግሞ ይብሳል። ድራመሩ ጂንጀር ቤከር እና ቤዝ ጊታር የሚጫወተው ጃክ ብሩስ ቀድሞ በግርሃም ቦንድ ባንድ አብረው ሲሠሩ መድረክ ላይ ይደባደቡ ነበር። ቤከር ብሩስን አባረረው፤ ብሩስ ግን ምንም እንዳልሰማ በማግሥቱ መጥቶ ይጫወታል። በመጨረሻ ቤከር ቢላ ካሳየው በኋላ ቀረ። በ1966 ቤከር ከኤሪክ ክላፕተን ጋር አዲስ ባንድ ለመመሥረት ሲነጋገር ክላፕተን አንድ ቅድመ ሁኔታ ብቻ አቀረበ፤ ብሩስ ካለበት እሺ። ቤከር ይህን ሲሰማ መኪና እየነዳ ነበር፤ ለጥቂት መንገድ ስቶ ልንገለበጥ ነበር ይላል ክላፕተን። ባንዱ ከሁለት ዓመት ትንሽ ዘለለና በኅዳር 1968 ለንደን ሮያል አልበርት አዳራሽ ውስጥ ተሰነባበተ። በ2005፣ ሁሉም ሽማግሌ ከሆኑ በኋላ፣ እዚያው አዳራሽ ተመልሰው ተጫወቱ፤ ሰውም አለቀሰ። በጥቅምት ኒው ዮርክ ሲሄዱ ቤከር እና ብሩስ ስለ ድምፅ መጠን መድረክ ላይ እንደገና ተጨቃጨቁ።

ፒንክ ፍሎይድ አልተደባደቡም፤ የተማሩ ስለሆኑ ጠበቃ ቀጠሩ። ሮጀር ዋተርስ ባንዱን ለቆ ሲወጣ ስሙም አብሮ ይሙት ብሎ በ1986 ፍርድ ቤት ሄደ፤ ዴቪድ ጊልሞር አይሞትም አለ። በታኅሣሥ 1987 ጊልሞር ስቱዲዮ ባደረገው የወንዝ ጀልባ ላይ ተቀምጠው ተስማሙ። ከንብረት ክፍፍሉ ውስጥ በአየር የሚነፋው ግዙፍ አሳማም ነበረበት። ይህ አሳማ ሌላ ታሪክ አለው። በታኅሣሥ 1976 ለአልበም ሽፋን ፎቶግራፍ ሊነሣ በለንደኑ ባተርሲ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ጭስ ማውጫዎች መካከል ታስሮ ሳለ ገመዱን በጥሶ በረረ፣ ሂትሮው አየር ማረፊያን አስደነገጠ፣ ማታ ኬንት ውስጥ አንድ እርሻ ላይ ወርዶ ላሞች በረገጉ። የአሳማው ባለመብት ዋተርስ ስለነበር እነ ጊልሞር ለራሳቸው ኮንሰርት ሌላ አስነፉና ከኋላው ቆለጥ ጨመሩለት። የዋተርስ አሳማ እንስት ናት፣ የእኛ ወንድ ነው፤ ክስ የለም።

ፒት ፍሬም የተባለ እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ይህን ሁሉ ባንድ በእጁ ጽሕፈት በዘር ሐረግ መልክ እየሳለ መጽሐፍ አሳትሟል። ማን ከማን ወጣ፣ ማን ወዴት ገባ፣ ስንት ወር ቆየ፣ ሁሉም በመስመርና በሳጥን። እስከ ሰባት ቤት የሚቆጥር የሀገራችን ሽማግሌ ያን ወረቀት ቢመለከት እነዚህ ልጆች ዘመድ ናቸው፣ አይጋቡም ይል ነበር።

ለምሳሌ በ1962 አሌክሲስ ኮርነር ለንደን ኢሊንግ ውስጥ በከፈተው ምድር ቤት ክበብ የኮርነርን ከበሮ የሚመታው ቻርሊ ዋትስ ነበር፤ ጃገር እና ሪቻርድስ ብራያን ጆንስን ያገኙት እዚያ ነው። ዋትስ ሲለቅ በወንበሩ የተተካው ቢላ መዛዡ ጂንጀር ቤከር። ከጆን ሜዮል የብሉዝ ባንድ ደግሞ ክላፕተን ወጥቶ ወደ ክሪም፣ ፒተር ግሪን ወጥቶ ወደ ፍሊትውድ ማክ፣ ሚክ ቴይለር ወጥቶ ወደ ስቶንስ ሄዱ። ሜዮል በ2024 በ90 ዓመታቸው እስኪያርፉ ድረስ ያሳደጓቸው ሁሉ ከእሳቸው ይልቅ ሀብታም ሆነው አዩ።

ከሁሉም የሚገርመው የያርድበርድስ ነው። አንድ ባንድ በአምስት ዓመት ውስጥ ሦስት ጊታሪስቶች አፈራረቀ፤ ሦስቱም ክላፕተን፣ ጄፍ ቤክ እና ጂሚ ፔጅ ሆነው ተገኙ፣ ሦስቱም የሰሪ አውራጃ ልጆች። በ1965 ክላፕተን ባንዱ ለገበያ አደረ ብሎ ሲወጣ ቦታው መጀመሪያ የተሰጠው ለፔጅ ነበር። ፔጅ ግን ቀን ከሌት በየስቱዲዮው እየተጠራ ጥሩ ገንዘብ ያገኝ ስለነበር ቤክን ውሰዱ አለ። ቤክ ውለታውን አልረሳም፤ የ1959 ሥሪት ቴሌካስተር ጊታሩን ስጦታ አመጣለት። ፔጅ በ1966 ተከትሎት ገባ፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ቤክ ወጣ። በ1968 ባንዱ ሲፈርስ ፔጅ ቀሪ ውሎችን ለመፈጸም አዲስ ሰዎች ሰብስቦ ስካንዲኔቪያ ሄደ፤ እነዚያ ሰዎች ሌድ ዜፕሊን ሆኑ። ስሙም የውሰት ነው፤ ከዘ ሁ ሰፈር የመጣ፣ እንዲህ ያለ ባንድ ቢቋቋም አየር ላይ ሳይቆይ ቁልቁል ይወርዳል የሚል የእነ ኪት ሙን ቀልድ።

እዚህ ላይ እውነተኛ የጎረቤት ቁርሾ አለ፤ መዝለል አይገባም። ቤክ በ1968 ባወጣው አልበሙ አንድ የቆየ የቺካጎ ብሉዝ ዘፈን ተጫውቶ ነበር፤ ኦርጋኑን ጆን ፖል ጆንስ ነው የተጫወተለት። በጥር 1969 የሌድ ዜፕሊን የመጀመሪያ አልበም ሲወጣ ያው ዘፈን እዚያ ውስጥ አለ፣ ጆንስም አለ፣ የጊታሩም ድምፅ የሚወጣው ቤክ በሰጠው ቴሌካስተር ነው። ፔጅ የቤክን አልሰማሁም ነበር አለ። ጆንስ አጠገቡ ቁጭ ብሎ አለመናገሩን ማመን ትንሽ ያስቸግራል። ቤክ በጣም አዘነ፤ ግን በባንዶች መካከል የተነሣው ከባድ የሚባለው ቅሬታ እንኳ በሁለት አብሮ አደጎች መካከል መሆኑን ልብ ይሏል።

ከሰው ሁሉ ደግሞ ዘመዳሞቹን በደንብ ያገናኘው መኪና ነው። ኢያን ስቱዋርት የሮሊንግ ስቶንስ መሥራች ፒያኒስት ነበር። ኦልድሃም በ1963 ስድስት ሰው ይበዛል፣ የዚህ ሰውዬ መልክም ለፖስተር አይሆንም ብሎ አወጣው። ሌላ ሰው ቢሆን ቂሙን ይዞ አገር ይለቅ ነበር። ስቱዋርት ግን ዕቃ ጫኝ፣ ሹፌርና ፒያኖ መቺ ሆኖ ከዚያው ባንድ ጋር እስኪሞት ድረስ ሠራ። ስቶንስ ሙሉ የቀረጻ መሣሪያ በከባድ መኪና ላይ ያስገጠሙት በእሱ ሐሳብ ነው፤ ጃገር ገጠር የገዛው ቤት ውስጥ ሊቀርጹበት። እነሱ በማይጠቀሙበት ጊዜ ግን መኪናው ሥራ አይፈታም፤ ይከራያል። ሌድ ዜፕሊን አራተኛውን አልበማቸውን ሃምፕሸር ውስጥ አንድ አሮጌ ቤት በር ላይ መኪናውን አቁመው ቀረጹ፤ ስቱዋርትም አብሮ ስለሄደ በአንዱ ዘፈን ፒያኖ መታላቸው። ቦብ ማርሌ እና ዌይለርስ በ1975 ለንደን ላይሲየም ቲያትር ያቀረቡት ኮንሰርት አልበም የሆነው በዚሁ መኪና ነው። ዲፕ ፐርፕል ደግሞ በታኅሣሥ 1971 ስዊዘርላንድ ሞንትሩ ከተማ ካዚኖ ውስጥ ሊቀርጹ ተከራይተውት ሄዱ። ሥራ ሳይጀምሩ፣ የፍራንክ ዛፓ ኮንሰርት ላይ የነበረ አንድ ሰው የርችት ሽጉጥ ወደ ጣሪያው ተኩሶ ካዚኖው ተቃጠለ። ጭሱ በሐይቁ ላይ ሲንሳፈፍ ከሆቴላቸው እያዩ ያወጡት ዘፈን ዛሬ ጊታር የሚማር ልጅ ሁሉ መጀመሪያ የሚነካካው ነው፤ የስቶንስ መኪናም በግጥሙ ውስጥ ተጠቅሷል። አሁን ካልጋሪ፣ ካናዳ፣ የሙዚቃ ማዕከል ውስጥ በክብር ቆሟል።

ያን ዘፈን መድረክ ላይ የተጫወተ ሌላ ባንድ አለ፣ ብላክ ሳባት። በ1983 ድምፃዊ አጥተው ሳለ ቶኒ አዮሚ እና ጊዘር በትለር የዲፕ ፐርፕሉን ኢያን ጊላንን አንድ መጠጥ ቤት ቀጠሩት። ምን ያህል እንደተጠጣ ለማወቅ ይህን ማስታወስ ይበቃል፤ ጊላን የሳባት ድምፃዊ ለመሆን መስማማቱን የሰማው በማግሥቱ ነው። አዲሶቹን ግጥሞች መሸምደድ ስላቃተው በወረቀት ጽፎ መድረኩ ወለል ላይ ለጠፋቸው፤ የትርኢቱ ጭስ ሲለቀቅ ግን ወረቀቱ አይታይም። ለጌጥ የተሠራው የስቶንሄንጅ ድንጋይ አምሳያ ደግሞ፣ በትለር እንደሚተርከው፣ 15 ጫማ የተባለው 15 ሜትር ተብሎ ስለተሠራ ወደ አብዛኛው አዳራሽ የሚገባ አልሆነም። በዚያ ጉዞ ከበሮ የመታላቸው ቤቭ ቤቫን ከኤሌክትሪክ ላይት ኦርኬስትራ የመጣ የውሰት ሰው ነው። በዓመቱ ጊላን ወደ ዲፕ ፐርፕል ተመለሰ፤ ማንም አልተቀየመም።

ይቅር ባይነቱ የት ድረስ እንደሚሄድ የሚያሳየው የሃሪሰን እና የክላፕተን ጉዳይ ነው። በጥር 1969 ሃሪሰን ከቢትልስ ልምምድ ጥሎ ሲወጣ ሌነን ካልተመለሰ ክላፕተንን እንጠራለን አለ፤ የቤት ውስጥ ጠብ መፍትሔው የጎረቤት ጊታሪስት ነበር። ክላፕተን ያን ሰሞን የሃሪሰን የቅርብ ጓደኛ ነው፤ የሃሪሰንን ሚስት ፓቲ ቦይድንም ይወድ ነበር፤ በ1970 «ሌይላ» ብሎ የዘፈነው ለእሷ ነው። ትዳሩ ከፈረሰ በኋላ ክላፕተን እና ቦይድ በ1979 ተጋቡ። በሠርጉ ድግስ ላይ መድረክ ወጥተው ከተጫወቱት መካከል ሃሪሰን፣ ማካርትኒ እና ስታር ይገኙበታል። ባንድ ሆነው መቀመጥ ያቃታቸው ሰዎች የጓደኛቸው ሠርግ ላይ ተገናኙ። ሃሪሰን ካረፈ ከዓመት በኋላ፣ በኅዳር 2002፣ የመታሰቢያ ኮንሰርቱን የመራው ክላፕተን ነው።

እነዚህ ባንዶች በኢትዮጵያ ስማቸው ከሌላ ነገር ጋር ይነሣል። ቢቢሲ በጥቅምት 1984 ከኮረም ያስተላለፈው ዘገባ የ77ቱን ረሀብ ለዓለም ካሳየ በኋላ፣ ሐምሌ 6 ቀን 1977 በእኛ አቆጣጠር፣ ለንደን ዌምብሊ እና ፊላደልፊያ ውስጥ ላይቭ ኤይድ ተካሄደ። ለተራበ ሕዝብ ሲባል ጠበኞች ሁሉ ታርቀው ይመጣሉ ተብሎ ተጠብቆ ነበር፤ ግማሹ እውነት ሆነ። ማካርትኒ ፒያኖው ላይ ሲቀመጥ ማይክሮፎኑ አልሠራም፤ ስታዲየሙ ሳይሰማው ቆየና በኋላ የዘ ሁ ፒት ታውንዘንድ፣ ዴቪድ ቦዊ፣ አሊሰን ሞየት እና ቦብ ጌልዶፍ ወጥተው አብረውት ዘመሩ። ሌድ ዜፕሊን ድራመራቸው ከሞተ ወዲህ መጀመሪያ ተገናኝተው ከጄነሲሱ ፊል ኮሊንስ ጋር፣ እሱም ለንደን ተጫውቶ በኮንኮርድ አትላንቲክን ተሻግሮ ደርሶ፣ የማይወዱትን ትርኢት አቀረቡ፤ ዲቪዲው በ2004 ሲወጣ የእኛ ይቅር አሉ። ሮሊንግ ስቶንስስ? ባንዱ አልነበረም። ጃገር ብቻውን መጥቶ ከቲና ተርነር ጋር ጨፈረ፤ ሪቻርድስ እና የባንዱ ሌላ ጊታሪስት ሮኒ ውድ ከቦብ ዲላን ጋር ቆሙ። አንድ ስታዲየም፣ አንድ ምሽት፣ ግን አንድ መድረክ ላይ አብረው አልታዩም። ጃገር ለብቻው አልበም በማውጣቱ ያን ሰሞን ከሪቻርድስ ጋር ተቃቅረው ነበር።

በ2021 ማካርትኒ ለአንድ የአሜሪካ መጽሔት ስቶንስ የሰው ብሉዝ የሚጫወቱ ባንድ ናቸው ዓይነት ነገር ተናገረና ጋዜጦቹ ከ60 ዓመት በኋላ ያንኑ ድንበር እንደገና አሰመሩ። ጃገር ሎስ አንጀለስ መድረክ ላይ ማካርትኒ ዛሬ እዚህ ነው፣ ብሉዝ ሊያግዘን ይወጣል ብሎ ሰውን አሣቀ። ከሁለት ዓመት በኋላ ስቶንስ አዲስ አልበም ሲያወጡ በአንዱ ዘፈን ቤዝ ጊታር የተጫወተው ማካርትኒ ነው።

የሪንጎ ልጅ ዛክ ስታርኪ ልጅ ሳለ ከበሮ የሰጠው የአባቱ ጓደኛ ኪት ሙን ነበር። ሙን በ1978 ሲሞት ዘ ሁ ከፌይስስ ባንድ ኬኒ ጆንስን ወሰዱ፤ ከ1996 ጀምሮ ግን የሙንን ወንበር ዛክ ያዘ፣ መሃል ላይም ለጥቂት ዓመታት ለኦዌሲስ መታ። በሚያዝያ 2025 ዘ ሁ አሰናበቱት፤ ቀናት ሳይቆጠሩ ተመልሷል አሉ፤ በግንቦት እንደገና አሰናበቱት። ምትኩን ፍለጋ ጎረቤት እንኳ አልሄዱም፤ ስኮት ዴቮርስን ከራሱ ከዳልትሪ የግል ባንድ አመጡ።